መኪና ውስጥ የተደበቀው ፖስታ



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የዛሬው የጁሙዓ መልእክቴ ስለ አንድ ፖስታ ነው። ፖስታው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ወንድማችን መኪና ውስጥ፣ በሹፌሩ በር ኪስ ታጥፎ ተቀምጧል። አልተከፈተም። በላዩ ላይ የእሱና የባለቤቱ ስም ተጽፎበታል። እሷ ግን መኖሩንም አታውቅም።

ባለፈው ጁሙዓ ሰላት ካለቀ በኋላ ሰው እስኪቀንስ ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠ። (የምጽፈው አስፈቅጄው ነው፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገርም ትቻለሁ።) የሚኖረው እዚህ ቨርጂኒያ ነው። አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሠራተኛ ሲቀንሱ እሱንም ቀነሱት። ደመወዙ ቆመ፤ በሥራው በኩል የነበረው የቤተሰቡ የጤና ኢንሹራንስም በወሩ መጨረሻ አብሮ ተቋረጠ። ባለቤቱ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው።

እሱ ግን አሁንም በየጠዋቱ የሥራ ልብሱን ለብሶ ይወጣል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልኩ ሥራ ይፈልጋል፤ በምሳ ሰዓት ለሰው ምግብ እያደረሰ ጥቂት ዶላር ይለቅማል፤ ማታ «ደከመኝ» እያለ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በፊት ባለቤቱ በእርግዝና ወቅት የሚደረገውን የስኳር ምርመራ ለማድረግ ክሊኒክ ሄደች። መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ካርዷን አይታ «ኢንሹራንስሽ አይሠራም» አለቻት። ወዲያው ደወለችለት። «የሲስተም ችግር ነው፤ እኔ አስተካክለዋለሁ» አላት። አምናው ሳትመረመር ተመለሰች።

እዚህ ላይ ሲደርስ እንባው አሸነፈው። ሥራውን ማጣቱን ሲነግረኝ አላለቀሰም። ሚስቱ አምናው ወደ ቤቷ መመለሷን ሲነግረኝ ነው ያለቀሰው።

«ለምን አልነገርካትም?» አልኩት።

«እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ኡስታዝ። ጭንቀት ለልጁ ጥሩ አይደለም ይላሉ።»

ይህን መልስ ቀላል አድርጌ አላየውም። ወንድሜ፣ አንተም እንዲህ ብለህ ታውቅ ይሆናል፤ ከውስጡም እውነተኛ እዝነት አለበት። ግን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፤ አሁን የማትጨነቅ ይመስልሃል? ክሊኒክ በር ላይ የተመለሰች ሴት፣ ባሏ «አስተካክለዋለሁ» ካላት ሁለት ሳምንት ያለፋት ሴት፣ ሌሊት ሆዷን ይዛ ምን ታስባለች?

እኔ ይህን የምጠይቀው ከደረሰብኝ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት እኔም ከሥራ ተቀንሻለሁ፤ ሁለተኛዋ ልጃችን ልትወለድ ሁለት ወር ሲቀራት። ለዘጠኝ ቀን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ስለ ተወኩል ደርስ እሰጥ ነበር፤ በዚያው ሳምንት እንኳ ሰጥቻለሁ። በመጨረሻ ስነግራት «በሦስተኛው ቀን አውቄአለሁ» አለችኝ። የሥራ ባጄ ሁልጊዜ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር፤ ባጁን ያስረከብኩ ቀን ሚስማሩ ባዶውን ቀረ። እኔ ልብ ያላልኩትን ሚስማር እሷ ስድስት ቀን ስታየው ከርማለች። ያስጨነቃት ሥራው አልነበረም። «ምን አድርጌው ነው የማይነግረኝ እያልኩ ነበር» አለችኝ። ይህችን ንግግሯን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

እስቲ ወደ ቁርኣን እንመለስ። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐለይሂ ሰላም) መድየን ሲገቡ ቤትም ሥራም አልነበራቸውም። ከግብፅ ሸሽተው ነው የመጡት። የሁለቱን ሴቶች በጎች አጠጡላቸው፤ ከዚያ ጥላ ሥር ዘወር ብለው ከጌታቸው ዘንድ ለሚመጣ ለማንኛውም መልካም ነገር ችግረኛ መሆናቸውን ተናገሩ። በዚያው ቤት ለእረኝነት ተቀጠሩ፣ ትዳርም አገኙ። ይህን ክፍል ሁላችንም እንወደዋለን፤ ሥራና ትዳር የሚፈልግ ወጣት ሁሉ ያችን ዱዓ ይዟታል። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ግን ቀጥሎ ያለውን ሌሊት ነው።

የተዋዋሉት ዘመን ካለቀ በኋላ ሙሳ ቤተሰባቸውን ይዘው ጉዞ ጀመሩ። ሌሊት ነው፤ ብርድ ነው። አል-በገዊን የመሰሉ ሙፈሲሮች እንደሚያወሱት መንገድ ጠፍቷቸዋል፤ ባለቤታቸውም ነፍሰ ጡር ነበሩ፣ ወራቸው ገብቷል፣ ቀን ይውለዱ ሌሊት አይታወቅም። (ይህ የሙፈሲሮች ዘገባ እንጂ የቁርኣኑ ቃል አይደለም፤ ለይታችሁ ያዙት።) ከሩቅ እሳት ታያቸው። ምን አደረጉ? ዝም ብለው ከጨለማው አልተሰወሩም። በሱረቱ ጣሃም በሱረቱ-ል-ቀሰስም እንደምናነበው ቤተሰባቸውን ቆዩ አሏቸው፤ እሳት እንዳዩ ነገሯቸው፤ ምናልባት የሚሞቁበትን ነገር ይዘው እንደሚመለሱ ነገሯቸው።

«ምናልባት» የምትለዋን ልብ በሉ። በዐረብኛው «ለዐልሊ» ነው። ሙሳ ነቢይነት ሊሰጣቸው፣ አላህ ሊያናግራቸው ጥቂት እርምጃ ነው የቀራቸው፤ ለባለቤታቸው ግን «እኔ አስተካክለዋለሁ» አላሉም። ያዩትን ተናገሩ፣ የሚሄዱበትን ተናገሩ፣ እርግጠኛ አለመሆናቸውንም ተናገሩ። ያቺ ሴት በዚያ ብርድ ስትጠብቅ ቢያንስ ባሏ የት እንደሄደና ለምን እንደሄደ ታውቅ ነበር። ነቢያችንም (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ከሒራ ዋሻ ሲመለሱ ልባቸው እየተንቀጠቀጠ የሄዱት ወደ ኸዲጃ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ነው። የገጠማቸውንም ፍርሃታቸውንም ነገሯቸው። ከኸዲጃ አንደበት የወጣውን ማጽናኛ ዛሬ የምናውቀው እሳቸው ስላልደበቁ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ነፈቃ ማለት ብር ማምጣት ብቻ ይመስላቸዋል፤ ብሩ ሲቆም የሚናገሩት ያጣሉ። በሱረቱ-ጦላቅ 6ኛው አያ አላህ የተፈታች ሴት እንኳ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ድረስ ወጪዋ እንዲሸፈን አዟል። ተፈትታ ሄዳ ይህ መብት ካላት፣ ቤትህ ውስጥ ያለችው እንዴት ይሆን? ወዲያው በሚቀጥለው አያ ደግሞ ሪዝቁ የጠበበበት ሰው አላህ ከሰጠው ላይ እንዲያወጣ፣ ከተሰጠውም በላይ እንደማይጠየቅ ተነግሯል። ሁለቱን አያዎች አንድ ላይ ያስቀመጠው አላህ ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ካነበብክ ትሰበራለህ፤ ሁለተኛውን ብቻ ካነበብክ ትዘናጋለህ።

የጥንት ፉቀሃኦች አብዛኞቹ የሐኪም ወጪን ከግዴታ ነፈቃ አይቆጥሩም ነበር፤ ለአዋላጅ የሚከፈለውን ግን ማሊኪያዎች በባል ላይ አድርገውታል። የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ሕክምና ዛሬ እንደ ምግብና እንደ ቤት የማይቀር ሆኗል ብለው ከነፈቃ ያስገቡታል። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። አሜሪካ ውስጥ ያለ ኢንሹራንስ መውለድ በቀላሉ ከአሥር ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል፤ ሥራ የሌለው ሰው ይህን ከየት ያመጣል? እንግዲህ ብር የሌለው ሰው ነፈቃው በእግሩና በብዕሩ ነው፤ ቢሮ በመሄድና ፎርም በመሙላት።

የግመሏን ሐዲስ ሁላችንም በቃላችን ይዘናል፤ እሰራትና ከዚያ ተመካ የሚለውን። እዚህ ሀገር ግመሏ የምትታሰረው በቀን ገደብ ነው። ለዚህ ወንድም ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ያን ዕለት 44ኛ ቀኑ ነበር። ፖስታውን ከእኔ ጋር እንዳይከፍተው ነገርኩት፤ የሁለት ሰው ስም አለበትና። በውስጡ ያለውን ግን ስለማውቀው አስረዳሁት። እናንተም እወቁት፤ ነገ ለራሳችሁ ወይም ለጎረቤታችሁ ይሆናል።

ፖስታው ኮብራ የሚባለው ነው። ሃያና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሲያሰናብትህ፣ የነበረህን ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ማስቀጠል ትችላለህ፤ ለመወሰን 60 ቀን አለህ፤ ከወሰንክና ከከፈልክ ሽፋኑ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ይቆጠርልሃል። ችግሩ ዋጋው ነው፤ አሠሪው ይከፍልልህ የነበረውንም ጨምረህ እስከ 102 በመቶ ድረስ አንተ ትከፍላለህ። ሁለተኛው ማርኬትፕሌስ ነው። በሥራ የነበረህን ኢንሹራንስ ማጣትህ ለ60 ቀን በሩን ይከፍትልሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ በአብዛኞቹ ስቴቶች እርግዝና ብቻውን ይህን በር አይከፍትም። በሩን የሚከፍተው ኢንሹራንሱን ማጣት ነው፤ ከዚያ ደግሞ ልጁ ሲወለድ። መካከሉ ላይ ያለፈበት ሰው ውጪ ይቀራል። በሩ ክፍት ሳለ ከገባህ ግን ከ2014 ጀምሮ በሕግ፣ ማርኬትፕሌስ ላይ ያለ ማንኛውም ኢንሹራንስ «አስቀድማ አርግዛለች» ብሎ ሊመልሳት ወይም ዋጋ ሊጨምርባት አይችልም፤ ወሊድንም መሸፈን አለበት።

ሦስተኛው ሜዲኬድ ነው፤ ለዚህ ወንድም ቀድሞ መሞከር የነበረበት ይኸኛው ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ዓመቱን ሙሉ ማመልከት ትችላለች፤ ወር ቆጥሮ የሚዘጋ በር የለውም። የሚታየው አሁን በወር የምታገኙት ገቢ ነው እንጂ አምና ያገኘኸው አይደለም፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ልጅም ከቤተሰቡ ቁጥር ይገባል። (ሱብሓነላህ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ለእናቱ ቦታ ይይዛል።) በሜዲኬድ ሥር ሆና ከወለደች ሕፃኑም እስከ አንድ ዓመቱ ድረስ ይሸፈናል። «ግሪን ካርዳችን አምስት ዓመት አልሞላውም» ብላችሁ ያልሞከራችሁ አላችሁ፤ ቨርጂኒያን፣ ሜሪላንድንና ሚኒሶታን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ለነፍሰ ጡር ሴት ያን አምስት ዓመት አይጠብቁም። የየስቴቱ ልክ ስለሚለያይ ያለህበትን ጠይቅ።

መልሱ እስኪመጣም ክትትሏ መቆም የለበትም። በየአካባቢው እንደ ገቢህ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከሎች አሉ። ምጥ ከመጣባት ደግሞ የድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ገንዘብ የላችሁም ብሎ ሊመልሳት አይችልም፤ ይህ የ1986 ሕግ ነው። ሒሳቡ ግን በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ የሆስፒታሉን የገንዘብ ድጋፍ ፎርም ጠይቁ። በስልክ ደውለው በርካሽ «የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ» የሚሸጡላችሁን ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ብዙዎቹ እርግዝናን አይሸፍኑም።

«ኡስታዝ፣ ኢንሹራንስ ሐራም አይደለም ወይ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በ1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ የንግድ ኢንሹራንስን ከልክሏል፤ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ሜዲኬድ ደግሞ መንግሥት ከግምጃ ቤቱ የሚያወጣው ድጎማ እንጂ የንግድ ውል አይደለም። ለሌሎቹ፣ በምዕራቡ ዓለም የሚኖሩ ብዙ ዑለማዎች ችግሩን አይተው መፍቀዳቸውን አውቃለሁ፤ አንተ ግን የምታምነውን ዓሊም ጠይቅ። ብቻ 60 ቀኑ ሳያልፍ ጠይቅ።

አሁን ደግሞ የሚያስቀይም ነገር ልናገር። አንዳንድ ሰው ሜዲኬድ እንዲያልፍለት ሚስቱን «ባል የላትም» ብሎ ያስሞላል። ኒካሕ አስሮ፣ ሰው ጠርቶ፣ ሩዝ አብልቶ፣ በወረቀት ላይ ግን ልጁን አባት የሌለው ያደርገዋል። ወንድሜ፣ ያንን ፎርም የምትፈርመው እሷ ናት። ውሸቱን በእርጉዝ ሴት አንገት ላይ ታስረዋለህ ማለት ነው። ሥራ ያጣ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህ አያስፈልገውም፤ ገቢህ ወርዷል፣ እውነቱን ጻፍ። የሥራ አጥ ክፍያ የምታገኝ ከሆነም እሱንም ጻፍ። ሥራ ስታገኝ አሳውቅ።

ከዚህ ወንድም ጋር ስንነጋገር ሌላም ነገር ወጣ። ሥራ ካጣ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ለእናቱ ደሴ ገንዘብ ልኳል፤ እንደ ወትሮው፣ ሳይቀንስ። የላከው ከክሬዲት ካርድ ነው። ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ወጪ ከራስ እንዲጀመር፣ ከዚያ ወደ ቤተሰብ፣ ከዚያ ወደ ዘመድ እንዲሄድ አስተምረዋል። እናትህን እርሳት አላልኩህም፤ አላህ ይጠብቀን። ግን በብድር ልከህ ሚስትህ ከክሊኒክ በር ስትመለስ፣ ይህ በጎ ሥራ ነው ወይስ «ወደቀ» እንዳይሉህ መፍራት? ለራስህ መልስ።

ሀገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡም አላችሁ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በነፃ ስለሆነ «ለመውለድ ይህን ያህል ምን አስጨነቃቸው?» ልትሉ ትችላላችሁ። እዚህ እንደዚያ አይደለም። ወንድማችሁ «ይህን ወር አልችልም» ሲላችሁ ምክንያቱን አትጠይቁት፤ «አላህ ያግራልህ፣ እኛ ደህና ነን» በሉት። አንዳንዱ ለሚስቱ የማይነግረው ለእናንተ መናገር ስለሚያፍር ነው፤ እሷ ካወቀች ወሬው ሀገር ቤት ይደርሳል ብሎ ነው።

አንቺም እህቴ፣ ባልሽ ሥራ ማጣቱን በነገረሽ ሌሊት የምትይው ነገር ቀጣዩን ዓመት ይወስነዋል። ብትናደጂ አልፈርድብሽም፤ ከደበቀሽ የመናደድ መብት አለሽ። ግን የጓደኛሽን ባል በዚያ ሌሊት አታንሺው።

የመስጂድ ኮሚቴ የሆናችሁ ወንድሞች ደግሞ፣ በሱረቱ-ተውባ 60ኛው አያ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች ዕዳ የከበዳቸው ይገኙበታል። የሆስፒታል ዕዳም ዕዳ ነው። ሰዉ ስሙን በማይክራፎን ሳይሰማ የሚያመለክትበት መንገድ አዘጋጁ፤ እንደዚህ ወንድም ያለ ሰው ሰልፍ ይዞ አይመጣም።

ያን ዕለት ሲለየኝ ቅዳሜ ማታ እነግራታለሁ ብሎኝ ሄደ። ሰኞ ማታ ደወለ። ነግሯታል። ፖስታውን ከመኪና አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ዝም አለች አለኝ። ከዚያ በሽንኩርት ቢላዋ ከፈተችው፤ አነበበችው፤ መጀመሪያ የጠየቀችውም «ስንተኛው ቀን ላይ ነን?» የሚል ነበር። እንግሊዝኛዋ ከእሱ የተሻለ ስለሆነ የሜዲኬዱን ፎርም ራሷ ሞላች፤ ከዒሻ በኋላ ጀምረው እኩለ ሌሊት አልፏቸዋል። የባል ስም በሚለው ቦታ ስሙን ስትጽፍ ቀና ብላ አላየችውም። እሁድን ሙሉም ከፎርሙ ውጪ ሌላ ነገር አላነጋገረችውም። «ይቅር ትለኝ ይሆን ኡስታዝ?» አለኝ። «ምናልባት» አልኩት።

ትናንት ሐሙስ በአካባቢያቸው ባለ ጤና ማዕከል የስኳር ምርመራውን አድርጋለች። ይዟት የሄደው እሱ ነው፤ የሥራ ልብሱን ሳይለብስ። የሜዲኬዱ መልስ ገና አልመጣም፤ ለማርኬትፕሌሱ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸዋል፣ እሱንም ጎን ለጎን ጀምረውታል። ዛሬ ከዐስር በኋላ ባለችው የጁሙዓ ሰዓት በዱዓችሁ አትርሷቸው።

ጁሙዓ ሙባረክ።